ስፕሪንግ ከመቀየራችሁ በፊት መኪናችሁን መዝኑ

(ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችና ለመካኒኮች አዲስ አበባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍኩት፤ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። እሁዳችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

በጥያቄ ልጀምር። የኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ «መኪናዬ ያንገጫግጨኛል፣ ሰስፔንሽኑ ደረቅ ነው» የምትሉ ብቻ እጃችሁን አታውርዱ። አያችሁ? የወረደው እጅ ጥቂት ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፣ ሁላችንም የተጨነቅነው ስለ ባትሪውና ስለ ቻርጀሩ ነበር። ስለ ስፕሪንጉ ማን አሰበ? እኔ ራሴ አላሰብኩም። 22 ዓመት ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ የሠራሁት ሰስፔንሽን ነው፣ ስፕሪንጉና ሾኩ ማለቴ ነው፤ ግን አላሰብኩም። እንዳስብ ያደረገችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ወገቧን ያማታል። በየወሩ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ከኋላ አስቀመጥኳት፤ እግሯን እንድትዘረጋ ብዬ ነው። ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ አስፋልቱ ላይ በየመቶ ሜትሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እጄን ይዛ ወረደችና «አንተ ልጅ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ስንመለስ በሚኒባስ ልሂድ» አለችኝ።

በሚኒባስ ልሂድ! ያን ያህል ገንዘብ አውጥቼበት። የሰው መኪና ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እናቴን ደግሞ ያንገላታሁት በራሴ መኪና ነው። ያን ቀን ማታ አልተኛሁም። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እስከ አሁን የተማርኩትን ነው፤ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ስለ ስፕሪንግ ከማውራቴ በፊት ግን ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

አጎቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ረዳት ሆኜ አብሬው እሄዳለሁ። ጤፍ ለመጫን ወደ ጎጃም እንሄዳለን፤ ስንሄድ መኪናው ባዶ ነው። አይሱዙ ባዶውን ሲሄድ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። እያንዳንዷ ጉድጓድ አናት ድረስ ትመጣለች፤ ይነጥራል፣ ይዘላል፣ ጥርስ ያፋጫል። ጤፉን ጭነን ስንመለስ ግን ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ እኔ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። «ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው አጎቴ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ባሊስትራ ሸክም ሲያገኝ ነው ሰው የሚሆነው» አለኝ። ባሊስትራ ማለት የጭነት መኪናው ስፕሪንግ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ ቀመሩን ስማር ያቺ የአጎቴ ቃል መልሳ መጣችብኝ። ባሊስትራው አልተለወጠም። የተለወጠው ክብደቱ ነው። እና ልብ በሉልኝ፤ «ደረቅ ስፕሪንግ» ወይም «ለስላሳ ስፕሪንግ» ብቻውን ተነጥሎ የሚባል ነገር የለም። ደረቅ የሚሆነው ለተሸከመው ክብደት ነው፤ ለስላሳ የሚሆነውም ለተሸከመው ክብደት ነው። ለአይሱዙ ለስላሳ የሆነ ነገር ለቪትዝ ብረት ነው።

ይሄንን ይዛችሁልኝ ቆዩ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አንደኛው ነጥቤ። የኤሌክትሪክ መኪና ለምን ይደርቃል?

ብዙ ሰው «ከባድ ስለሆነ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። የፎልክስዋገን አይዲ 4 ትልቁ ባትሪ ብቻውን ወደ 490 ኪሎ ነው፤ ሰባት ሰው ተሸክሞ እንደመዞር ማለት ነው፤ መኪናው በሙሉ ደግሞ ከ2 ቶን በላይ ነው። ግን አጎቴ ያለውን አትርሱ። ክብደት ብቻውን ቢሆን መኪናውን ያለሰልሰው ነበር እንጂ አያደርቀውም። ታዲያ ምንድን ነው?

መሐንዲሶቹ ያን ሁሉ ክብደት መታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል፣ ፍሬን ሲያዝ እንዳያጎነብስ፣ ባትሪው ደግሞ ወለሉ ሥር ስለሆነ መሬት እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለክብደቱ ከሚበቃው በላይ ጠጠር ያለ ስፕሪንግ ያስገባሉ። በዛ ላይ ቸርኬው ትልቅ ነው፤ 19፣ 20 ኢንች። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር የጎማው ጎን ይሳሳል። 235/55 የሆነው ባለ 19 ጎማ ጎኑ ወደ 13 ሴንቲ ነው፤ 235/50 የሆነው ባለ 20 ግን 12 ሴንቲ አይሞላም። ያቺ አንድ ሴንቲ ጎማ ለናንተ ትራስ ነበረች። ሌላም አለ፤ መኪናው ዝም ስለሚል ድሮ በሞተሩ ድምፅ የሚሸፈን ኳኳታ ሁሉ አሁን ጆሯችን ይገባል። እና መኪኖቹ መጀመሪያ የታሰቡት ለሚሄዱበት ለስላሳ መንገድ ነው፤ ለእኛ ኮብልስቶን አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ይሄኛው ብዙ ገንዘብ ያተርፍላችኋል። የሚያማችሁ የቱ መንገድ ላይ ነው?

ሰው ጋራዥ መጥቶ «ያንገጫግጨኛል» ሲለኝ ድሮ ቀጥታ ክሪክ አምጡ እል ነበር። አሁን መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ኮብልስቶን ላይ ነው ወይስ ጉብታና ጉድጓድ ላይ? ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ኮብልስቶን ላይ ጎማው በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመታል። ያንን ፈጣን ትርትርታ ስፕሪንግ ለውጣችሁ ብዙ አትቀንሱትም። እሱን የሚበሉት ጎማው፣ የጎማው ንፋስ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም ከብረቶቹ መሃል ያሉት ላስቲኮች፣ እና ውዝዋዜውን የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበሩ ናቸው። ጉብታ ላይ ወደ ላይ ገፍቶ የሚያነሳችሁ፣ ወርዶም ደግሞ የሚያነጥራችሁ ከሆነ ግን እሱ የስፕሪንግ ጉዳይ ነው፤ ከሾኩ ጋር።

ንፋሱን በተመለከተ የራሴን ልንገራችሁ። የእናቴ ነገር ከሆነ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ጎማዬን መለካት ነው። የአራቱም ጎማ ንፋስ 45 ፒ.ኤስ.አይ ነው። በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት የምትለው ደግሞ 36 ነው። ጎሚስታው «ከባድ መኪና ነው» ብሎ በግምት ነበር የሞላው፤ ልክ መስሎት እንጂ በክፋት አይደለም። ወደ 36 አወረድኩት። ኮብልስቶኑ ላይ የነበረው ትርትርታ፣ እውነቴን ነው፣ በግማሽ የቀነሰ ነው የመሰለኝ። ያለ አንድ ሳንቲም! ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ጎማችሁን አስለኩ። ወረቀቷ ላይ ካለው በታች ግን አታውርዱ፤ ከባድ መኪና ንፋስ ሲያንሰው ጎማው ይግላል፣ ቸርኬውም ጉድጓድ ላይ ይጣመማል።

ንፋሱ ተስተካከለ። ጉብታው ግን አሁንም እናቴን ከወንበሯ ያነሳታል። ስለዚህ ወደ ስፕሪንጉ ገባሁ። የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው።

እናቴ የምትቀመጠው ከኋላ ነው አይደል? «የኋላውን ብቻ ላለስልሰው» አልኩ። የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄድኩ፤ ቁመቱ የሚመስል፣ ሽቦው ቀጠን ያለ ጥንድ ስፕሪንግ አገኘሁ። በእጄ መዘንኩት፣ በዓይኔ ለካሁት፣ ገዛሁት። 22 ዓመት የሠራ እጅ ይበቃል ብዬ። ገጠምኩት፤ መኪናው ከኋላ 6 ሴንቲ ገደማ ወረደ። ነዳሁት። የመጀመሪያውን ጉብታ ሳልፍ ፊቱ ወደ ላይ፣ ኋላው ወደ ታች፣ ከዚያ በተቃራኒው፤ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ሁለት ሰው ከኋላ ስጭን ደግሞ ጭራሽ «ጓ!» ይል ጀመር። እናቴ ያን ቀን ወገቧን አላመማትም፤ አጥወለወላት። መኪና አቁመን አስመለሳት። ያንን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ምን ነበር የተሳሳትኩት? ሦስት ነገር ነው። አልመዘንኩም። ፊትና ኋላን አላስማማሁም። መኪናው ወደ ታች የሚሄድበትን ቦታ አልቆጠርኩም። አንድ በአንድ ልሂድበት።

መመዘን። መኪናውን የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ወስጄ መጀመሪያ የፊት እግሩን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ አስመዘንኩ። ፊቱ 1,000 ኪሎ፣ ኋላው 1,060 ኪሎ። ከዚህ ላይ ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ ስፕሪንጉ ላይ ስለማያርፉ ለእያንዳንዱ ጎማ 50፣ 50 ኪሎ ቀነስኩ። ለሁለት ሲካፈል አንዱ የፊት ስፕሪንግ 450 ኪሎ፣ አንዱ የኋላ ስፕሪንግ 480 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው። ደብተር የያዛችሁ ጻፉት፤ የራሳችሁን መኪና እንዲሁ ታደርጉታላችሁ።

ቀጥሎ ስፕሪንጉን ለካሁ። ፕሬስ ሥር አቁሜ፣ ከሥሩ ሚዛን አድርጌ፣ አንድ ሴንቲ ለመጫን ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ አየሁ። ወደ ጎማው ሲሰላ፣ ማለትም ስፕሪንጉ ልክ ጎማው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ብለን ስናሰላው፣ አብሮት የመጣው የኋላ ስፕሪንግ በሴንቲ 49 ኪሎ ነው። 480ን ለ49 ስታካፍሉ ወደ 10 ሴንቲ ይመጣል። ስፕሪንጉ በመኪናው ክብደት ብቻ 10 ሴንቲ ተጨምቆ ተቀምጧል ማለት ነው። ይቺ ቁጥር ወርቅ ናት። ለምን ብትሉኝ፣ 5ን ለዚች ቁጥር ስኩዌር ሩት ስታካፍሉት መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይነግራችኋል። የ10 ስኩዌር ሩት 3.16 ነው፤ 5 ሲካፈልለት 1.6 ገደማ። በደቂቃ 96 ጊዜ።

ምቹ የሚባል የቤት መኪና በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ጊዜ ነው የሚወዛወዘው። ከዚያ ሲያልፍ የስፖርት መኪና ጠባይ ይዞ ይመጣል። የእኔ ኋላው 96 ነበር። እናቴ አልዋሸችም።

ማስላት የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ስልካችሁ ይሠራላችኋል። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ጀርመን አገር የአኸን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ነው። ስልኩን መኪናው ወለል ላይ አስቀምጣችሁ ጉብታ ስታልፉ ውዝዋዜውን ይስልላችኋል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ መቁጠር ነው። ነጂው አይነካውም ግን፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይያዘው።

አሁን ፊትና ኋላን ማስማማት። ይሄ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ አሜሪካ ካዲላክ ገባ። እዚያ አንድ ትልቅ መኪና ላይ ከባድ ከባድ ክብደቶችን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያዘዋወረ፣ ስፕሪንጎቹን እየቀያየረ ሰው አስቀምጦ ይነዳ ነበር። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፦ የፊቱ ከኋላው ለስለስ ይበል።

ለምን? አስቡት። ጉብታውን መጀመሪያ የሚነካው የፊት ጎማ ነው። ፊቱ መወዛወዝ ጀምሯል፤ ኋላው ገና ነው። ኋላው ዘግይቶ ይጀምራል። ኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ከተወዛወዘ ፊቱን ይደርስበታል፤ ሁለቱ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ መኪናው ዝርግ ሆኖ ይሄዳል። ኋላው ከቀዘቀዘ ግን መቼም አይደርስበትም፤ እንደ ሚዛን አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። እኔ የሶማሌ ተራውን ስፕሪንግ ስገጥም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ፊቱ በደቂቃ 87፣ ኋላው 75 ሆነ። ተገለበጠ። እናቴን ያስመለሳት ይሄ ነው። መኪናችሁን የኋላውን ብቻ «አለሳልስልኝ» ብላችሁ ለመካኒክ አትስጡ። አደራ!

ሦስተኛው ስህተት የወረደው 6 ሴንቲ ነው። ለስላሳ ስፕሪንግ በተመሳሳይ ቁመት ከገጠማችሁ መኪናው ይወርዳል፤ ሌላ ምንም ምርጫ የለውም። ሲወርድ መጨረሻ ላይ ያለችው ማቆሚያ ላስቲክ ላይ ይቀመጣል። እዚያች ላስቲክ ላይ የተቀመጠ መኪና ስፕሪንግ የለውም ማለት ይቻላል። «ጓ!» ያለው እሱ ነው። ስለዚህ የለሰለሰ ስፕሪንግ ስትገዙ ሲለቀቅ ቁመቱ ረዘም ያለ መሆን አለበት፤ ስንት ሴንቲ እንደሚረዝም ደግሞ ያቺው ስሌት ትነግራችኋለች። በሴንቲ 38 ኪሎ ካደረግነው፣ 480 ሲካፈል ለ38 ወደ 12.6 ሴንቲ ነው። ከ10 ጋር ያለው ልዩነት ወደ 3 ሴንቲ። በቃ፣ ጎማው ላይ ሲሰላ 3 ሴንቲ የሚረዝም ስፕሪንግ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሳልናገር ብወርድ እቆጫለሁ።

በየሰፈሩ መኪና «ማስነሳት» በዝቷል። ባትሪው ጉብታ ይነካል ብለን እንፈራለን፤ ፍርሃቱ ልክ ነው፣ እኔም እፈራለሁ። መፍትሔው ግን በስፕሪንጉ ጥምዝ መሃል ጎማ መሸጎጥ ሆኗል። ስሙኝ። ስፕሪንግ የሚሠራው በጥምዞቹ ነው። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ያለውን አንዷን በጎማ ስታስሯት አምስት ቀሩ። 20 በመቶ ደረቀ! ሁለት ብታስሩ 50 በመቶ። ቆርጦ ማሳጠርም ያው ነው፤ ጥምዝ በቀነሰ ቁጥር ይደርቃል። መኪናውን ለማስነሳት 20 በመቶ ምቾታችሁን ከፍላችኋል፤ በዛ ላይ ጎማው የተሸጎጠበት ቦታ ላይ ሽቦው ያለ አግባብ ይጨናነቃል፣ ይሰበራል። የተሰበረ አይቻለሁ፤ ቀለበት መንገድ ላይ።

የሽቦው ውፍረትማ ሌላ ጉድ ነው። «አንድ ሚሊ ብቻ ነው የሚወፍረው» ይላችኋል ሻጩ። ጥንካሬው የሚያድገው በሽቦው ውፍረት አራተኛ እጥፍ ነው፤ ራሱን አራት ጊዜ ስታባዙት ማለት ነው። 12 ሚሊ የነበረው 13 ሲሆን 38 በመቶ ይጠነክራል። አንድ ሚሊ! በዓይን ይለያል? የእኔ ዓይን አልለየውም፤ ውፍረት የሚለካውን ቬርኒየር ካሊፐር ያዙ።

ወደ መኪናዬ ልመለስ። የሶማሌ ተራውን አወጣሁት። መለኪያዬን በሙሉ ጻፍኩ፦ የሽቦ ውፍረት፣ የውስጥ ስፋት፣ የጥምዝ ብዛት፣ ሲለቀቅ ቁመቱ፣ በሴንቲ ስንት ኪሎ። ቻይና ውስጥ በትእዛዝ ለሚሠሩ ሰዎች ላክሁት። ኋላውን ከ49 ወደ 38፣ ፊቱን ከ38 ወደ 28። በደቂቃ ሲቆጠር ፊቱ 75፣ ኋላው 84 ማለት ነው። አሁን ልክ ነው፤ ኋላው ፈጠን ይላል።

አንዱ ወንድሜ ቅድም በር ላይ «ሾኩስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፕሪንግ ያነሳል፣ ሾክ ያረጋጋል። ሾኩ የተሠራው ለጠንካራው ስፕሪንግ ስለሆነ፣ በጣም ለስላሳ ስፕሪንግ ስትሰጡት ተመልሶ እንዳይዘረጋ አንቆ ይይዘዋል፤ ተከታታይ ጉብታ ላይ መኪናው እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። እኔ የቀነስኩት አንድ አራተኛ ገደማ ነው። ያን ያህል ሲሆን ጤነኛ ሾክ ካላችሁ ይችለዋል፤ የእኔም ችሎታል። ከዚያ በላይ ከቀነሳችሁ ግን ሾኩንም አስቡበት። ዘይት የሚያፈስ ሾክ ካላችሁ ደግሞ ስፕሪንጉን ተዉትና መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ለእናንተ ለመካኒኮቹ ልጆች አሁን የምናገረው ነው። ስልካችሁን አስቀምጡልኝ እስቲ።

ጀማሪ ሆኜ በሠራሁበት አንድ ጋራዥ የስፕሪንግ መጭመቂያችን መንጠቆው ያለቀ ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። «ዛሬን እንሥራበት» እየተባለ ነበር የሚቆየው። አንድ ጠዋት የጓደኛዬ እጅ ላይ ተለቀቀ። ስፕሪንጉ አገጩን መትቶት አልፎ የጣራውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ጓደኛዬ ተረፈ፤ ግን ጥርሶቹ አልተረፉም፤ ያን ሥራም ዳግመኛ አልነካውም። በሴንቲ 30 ኪሎ የሆነ ስፕሪንግ 15 ሴንቲ ሲጨመቅ በ450 ኪሎ ጉልበት እየገፋ ነው። በውስጡ የያዘው ኃይል 34 ኪሎ ድንጋይ ከአንድ ሜትር ሲወድቅ ያህል ነው። ፊታችሁን ከስፕሪንጉ ጫፍ ፊት አታድርጉ። መጭመቂያው ካረጀ አትሥሩ። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ!

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ የሚጨመር አለ። ክሪኩን ባትሪው ሥር አታስገቡ፤ የተፈቀደለት ቦታ ጎን ላይ አለ፣ ምልክትም አለው። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ አትነካኩት። ከኋላ ሰስፔንሽን ጋር የተያያዘች ትንሽ የቁመት ሴንሰር ያላቸው መኪኖች አሉ፤ ሳትፈቷት ከሳባችሁ ትሰበራለች። እና ስትጨርሱ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል ማለት ነው። ቁመት ተነካ ማለት የጎማው አቀማመጥ ተነካ ማለት ነው፤ አላይመንት ሳታሠሩ ደንበኛውን ብትለቁት በወራት ውስጥ ጎማው በአንድ ጎን ተበልቶ ይመጣል። ከፊት ካሜራ ያለው መኪና ከሆነ እሱም መስተካከል አለበት፤ መብራቱም እንደዚያው።

አዲሶቹ ስፕሪንጎች ሲመጡ ለመግጠም አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። እየቸኮልኩ አልሠራሁም። ጨርሼ ቁመቱን ለካሁ፤ ከፋብሪካው ከፍታ በግማሽ ሴንቲ ነው የተለየው። ብቻዬን ሦስት ቀን ነዳሁት፤ አራት ሰው ጭኜም ሞከርኩት። ማቆሚያውን አልነካም። በስልኩ ቆጠርኩ፤ ስሌቱ ካለው ብዙም አልራቀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መታጠፊያ ላይ ከበፊቱ ትንሽ ያጋድላል። ይሄ የከፈልኩት ዋጋ ነው። በፍጥነት መጠምዘዝ የምትወዱ ካላችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ኮብልስቶኑም ቢሆን ኮብልስቶን ነው፤ ሐር አልሆነም። ጉብታው ግን ጉብታነቱን ቀንሷል። መኪናው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ አንዴ ነው፤ ከዚያ ዝም ይላል።

እናቴን በአራተኛው ቀን ወሰድኳት። ምንም አልነገርኳትም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እጄን ዘረጋሁላት፤ «ቆይ ስልኬን ላውራ» ብላኝ እዚያው ኋላ ወንበር ላይ ተደላድላ ከእህቷ ጋር ማውራት ቀጠለች። አሥር ደቂቃ በሩን ይዤ ቆምኩ።

እሺ፣ ብዙ አወራሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስፕሪንግ አምጥቻለሁ፤ አንዱ 12 ሚሊ ነው፣ አንዱ 13። ቬርኒየር ካሊፐርም አለ። ሻይ እስኪመጣ ድረስ ኑና መጀመሪያ በዓይናችሁ፣ ቀጥሎ በካሊፐሩ ለዩልኝ። መኪናዋን አስመዝና ቁጥሩን ይዛ የመጣች እህት አለች መሰለኝ፤ እስቲ ነይ፣ ካንቺ እንጀምር።